ሌባው በገደብ ተለቀቀ፤ ታዲያ ቅጣቱ ለማን ነው?

ጥያቄው የደረሰኝ እዚሁ ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ኅዳር ላይ ግቢያችን ውስጥ ማድረቂያ አልጋ ላይ የሰጣሁት ጀንፈል ቡና ሌሊት ተሰረቀ። ሁለት ጆንያ ይሞላ ነበር። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የዕቁቡ ዕዳ፣ ሁሉም እሱን ነበር የሚጠብቀው። ሌባው ተያዘ። የሰፈር ልጅ ነው፣ 19 ዓመቱ። ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። አንድ ዓመት ቀላል እስራት ተፈረደበትና ‹በገደብ› ተብሎ ወጣ። ቡናው ተሽጧል፣ ገንዘቡም ተበልቷል። ልጁ አሁን በየቀኑ በደጄ ያልፋል። ሰላምም ይለኛል! ትልቁ ልጄ ‹ያን ዕለት እዚሁ ቀጥቅጠነው ቢሆን ይሻል ነበር› ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት? ቅጣት የሚባለው ለምንድን ነው? ለማንስ ነው?»

እህቴ፣ ስለ ቡናው አዝናለሁ። ለሌላ አገር ሰው ሁለት ጆንያ ጀንፈል ሁለት ጆንያ ነው። እኛ ግን እናውቀዋለን። ለቅመው፣ ቀን ሙሉ እያገላበጡ፣ ደመና በመጣ ቁጥር እየሮጡ እየሸፈኑ የከረሙበት ነው። ከሁሉም በላይ የቆረቆረዎት ግን ያቺ «ሰላም» እንደሆነች ከአጻጻፍዎ ገብቶኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። በሕግ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፤ አሁን ጠበቃ ነኝ። ስለ ቅጣት ዓላማ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሄርማታ ገበያ አጠገብ አንዱ ስልኬን መንጭቆ ሲሮጥ ከአፌ የወጣው ምን መሰለዎት? «ይሰቀል!» ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 117 ሞት የተፈረደበትን ሰው እንኳ በስቅላት መግደልን ይከለክላል። ይህን ለሰው ስንት ጊዜ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። እና እኔ እንዲያ ካልኩ፣ ልጅዎ ያለውን ቢል አይገርመኝም።

አሁን ሕጉን እንክፈተው። በሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ መተግበር የጀመረው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ጥያቄዎን አንቀጽ 1 ላይ ይመልሳል። የሚጀምረው ከእስር ቤት አይደለም። ግቤ የአገሪቱን፣ የሕዝቦቿንና የነዋሪዎቿን ሰላምና ደኅንነት መጠበቅ ነው ይላል። እንዴት? ወንጀል እንዳይፈጸም በመከላከል። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፦ ይህ ወንጀል ነው፣ ይህን ያህል ያስቀጣል ብሎ አስቀድሞ ያሳውቃል። ማስጠንቀቂያው ካልበቃ ይቀጣል። የሚቀጣውም አጥፊው እንዳይደግም፣ ሌላውም እንዲማርበት ነው። ወይም ደግሞ አጥፊው እንዲታረም ያደርጋል።

ልብ ብለው ካዩት «የተበደለው ሰው አንጀት እንዲርስ» የሚል ቃል የለበትም። የእርስዎ ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ችሎት ላይ የተሰጠዎት ስም እንኳ «የግል ተበዳይ» ነው። ከሳሹ እርስዎ አይደሉም፤ ዐቃቤ ሕግ ነው። እርስዎ መጥተው መስክረው ይሄዳሉ። በራስዎ ቡና ጉዳይ ምስክር ነዎት።

ይህ የሆነው በምክንያት ነው። ድሮ ጠብ የባለጠቦቹ ነበር። ሰው ከተገደለ ደሙን የሚመልሰው ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ነው። በነገሥታቱ ችሎት እንኳ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ወገኖች ተላልፎ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር። ወይ ይገድሉታል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ የሚሄዱበት አገር ነው ይሄ። በኦሮሞው ዘንድ ደግሞ ጉማ አለ፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ሥርዓቱ ተፈጽሞ ደም የሚደርቅበት። ይህ ሁሉ የመጣው አንዱ ሲገድል ሌላው ሲመልስ መንደር ተያይዞ እንዳያልቅ ነው። ዘመናዊው መንግሥት ሲመጣ ነገሩን ጠቅልሎ ወሰደው። ጠቡ የእናንተ መሆኑ ቀረ፣ የእኔ ነው አለ።

ለልጅዎ የምመልሰውም እዚህ ላይ ነው። ገበያ መሀል «ሌባ! ሌባ!» ሲባል አይተው ያውቃሉ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ሁሉ ድንጋይ ያነሣል። የተሰረቀበት ሰው አንድ ነው፤ የሚመታው ሃያ። ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ እንዲህ ያለ መዝገብ ይዤ ነበር። የተደበደበው ወጣት ሞተ። በኋላ ሲጣራ ያ ሁሉ ሰው የተነሣበት ገንዘብ ባለቤቱ ሌላ ቦታ አስቀምጦት የረሳው ነበር። ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆሙት ሦስት ወጣቶች ከዚያ በፊት አንድም ቀን ፖሊስ ጣቢያ ረግጠው አያውቁም። የአንዱ እናት ችሎት ውጭ ተቀምጣ ስታለቅስ የምትለው «ሌባ ነው ብለውት እኮ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ልጅዎ ያን ሌሊት እጁን ባይሰበስብ ኖሮ ዛሬ የሚጽፉልኝ ስለ ቡና አይሆንም ነበር። እጁን ስለሰበሰበ አመስግኑልኝ።

ሕጉ የበቀልን ስሜት ጨርሶ ጥሎታል ማለት ግን አይደለም። ልጓም አግብቶ አስቀምጦታል። ስሙ ተመጣጣኝነት ይባላል። «ዓይን ስለ ዓይን» የሚለውን ሰው ሁሉ እንደ ጭካኔ ያወራዋል። እኔ የሚገባኝ በተቃራኒው ነው። ለአንድ ዓይን ሁለት ዓይን አታውጣ፣ ለጥርስ አንገት አትቁረጥ ማለት ነው። ጣሪያ ነው። የእኛም ሕግ አንቀጽ 88 ላይ ቅጣቱ እንደየሰው የጥፋት መጠን ይወሰን ይላል፤ የኋላ ታሪኩ፣ ያነሣሣው ምክንያት፣ የኑሮው ሁኔታ፣ የድርጊቱ ክብደት ይታይ ይላል።

ከዚህ አልፈው የሚሄዱም አሉ። የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት አንድ ምሳሌ አለው። ደሴት ላይ የሚኖር ሕዝብ ተስማምቶ ሊበተን ቢወስን እንኳ፣ ከመበተኑ በፊት እስር ቤት የቀረውን የመጨረሻ ነፍሰ ገዳይ መግደል አለበት ይላል። ምንም ጥቅም ባያመጣም፤ ይገባዋልና። በንዴት ሰዓት ካንት ልክ ይመስለኛል። ንዴቱ ሲበርድ ግን ያ ባዶ ደሴት ላይ የተሰቀለው ሰውዬ ለማን ምን እንደጠቀመ ማሰብ እጀምራለሁ።

ለተራ ስርቆት አንቀጽ 665 የሚፈቅደው ቀላል እስራት ነው፤ ነገሩ ከከበደ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። የእርስዎ ዳኛ የሠራው በዚህ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ማስፈራት አለ። በሕጉ አነጋገር አጥፊውን ለሌላው መማሪያ ማድረግ። ሰው በብዛት የሚያምነው በዚህ ነው። ባጃጅ ውስጥ «ቅጣቱ ስለላላ ነው ሌባ የበዛው» ቢሉ የሚቃወምዎት አያገኙም። ሹፌሩም ይጨምርበታል።

ግን እስኪ እንየው። በድሮው ዘመን የሌባ እጅ ይቆረጥ ነበር። ሌባ ጠፋ? አልጠፋም። ሌባ ሻይም ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። አስፈሪነቱ አያጠያይቅም። ችግሩ ያልሰረቀው ሰው የሚፈራው የሰረቀውን ያህል መሆኑ ነው። ሰረቅክም አልሰረቅክም ልጁ ቤትህ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለ ቅጣት ምንም ያህል ቢከብድ ሌባን ሌብነቱን የሚያስተወው ምን አለ?

የሚላኖው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነገር አንሥቶ ነበር፤ የ26 ዓመት ወጣት ሳለ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሰውን የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን እንደማያመልጥ ማወቁ ነው የሚል ነው። ቶሎ የሚመጣና የማይቀር ትንሽ ቅጣት፣ ይምጣ አይምጣ ከማይታወቅ ትልቅ ቅጣት ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ወንጀልን ያጠኑ ሰዎች ብዙዎቹ የደረሱበትም እዚያው ነው።

ወደ ግቢዎ እንመለስ። ልጁ አጥሩን ሲዘል ስለ አንቀጽ 665 እያሰበ ነበር? አንድ ዓመት ነው አምስት ዓመት ብሎ አስልቷል? አይመስለኝም። ያሰበው ውሻው ይጮሃል ወይ፣ የመንገዱ መብራት በርቷል ወይ፣ ጠዋት ላይ «ከየት አመጣኸው» ሳይል ጀንፈሉን የሚገዛኝ ነጋዴ አለ ወይ የሚለውን ነው። በነገራችን ላይ ያ ነጋዴ ተጠየቀ? በጽሑፍዎ አላነሡትም። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ንብረት መቀበል በራሱ ወንጀል ነው። አንድ የ19 ዓመት ልጅ መሬት የሌለው፣ ቡና የሌለው፣ በጠዋት ሁለት ጆንያ ጀንፈል ጭኖ ሲመጣ ምንም ያልጠረጠረ ነጋዴ ጅማ ውስጥ አለ ቢሉኝ አላምንም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በለቀማ ወቅት ስርቆትን የሚቀንሰው ልጁን አምስት ዓመት ማሰሩ ሳይሆን ገዢውን አንድ ጊዜ ችሎት ማቆሙ ነው። ልጁን ቢያስሩት ሌላ ልጅ ይመጣል። ገዢው ግን ያው ነው።

ማራቅ የሚባለው ዓላማ ላይ ብዙ አልቆይም። የታሰረ ሰው በታሰረበት ጊዜ አጥር አይዘልም፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ለእውነተኛ አደገኛ ሰው ያስፈልጋል። የእኛ ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ዕድሜ ልክ ነው። ኖርዌይ ለአብዛኛው ወንጀል ጣሪያው 21 ዓመት ሆኖ፣ አሁንም ያሰጋል የተባለውን ሰው ግን በልዩ ፍርድ እያራዘመች ታቆየዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰረቀ የ19 ዓመት ልጅ ማራቅ ማለት ችግሩን ለከርሞ ማስተላለፍ ነው። ከርሞ ይወጣል። ጥያቄው ምን ሆኖ ይወጣል የሚለው ነው።

እርሱ ደግሞ ወደ መታረም ይወስደናል። እስኪ ቃላቱን ይዩልኝ። ወህኒ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታጎሩበት አምባ ስም ነበር። ከርቸሌ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አሁን የምንለው ማረሚያ ቤት ነው። ሕጉም ስሙን ቀይሯል፤ የ1949ኙ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር የሚባለው፣ የ1996ቱ «የወንጀል ሕግ» ሆነ። «መቅጫ» የሚለው ቃል ከርዕሱ ላይ ተነሣ። በመግቢያው ደግሞ ታራሚዎች እስር ቤት ውስጥ እንዲሠቃዩ ሳይሆን ሙያ እንዲማሩ፣ ቀለም እንዲቆጥሩ መደረጋቸውን የማረም ሐሳቡ ማሳያ አድርጎ ይጠቅሰዋል። አመክሮም ያለው ለዚህ ነው። ጠባዩ የተስተካከለ ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ ሊፈታ ይችላል። ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። መሬት ላይስ? ሁለት ሰዎች ልንገርዎት።

የመጀመሪያው በዐቃቤ ሕግነቴ መጀመሪያ ላይ የከሰስኩት ልጅ ነው። ቡናዎን እንደሰረቀው ልጅ በስርቆት። ወጣት ነበርኩ፣ ጉልበትም ነበረኝ፤ ከባድ ቅጣት ይገባዋል ብዬ ተከራክሬ አስፈረድኩበት። ደስ አለኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ መዝገብ ሲመጣልኝ ስሙን አየሁት። በመጀመሪያው ጊዜ ብቻውን ነበር። በሁለተኛው ሦስት ግብረ አበሮች ነበሩት፤ ስርቆቱም ወደ ዘረፋ አድጓል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር የት ተዋወቃችሁ ብዬ ጠየቅኩት። «እዚያው» አለኝ። እዚያው ማለት እኔ የላክሁት ቦታ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰው በድብድብ ሰው አጉድሎ ብዙ ዓመት የታሰረ ነው። እንጨት ሥራ የተማረው እዚያ ውስጥ ነው። የቢሮዬን የመዝገብ መደርደሪያ የሠራልኝ እሱ ነው። ሲያስረክበኝ በእጁ መታ መታ አድርጎ «ይህ ከእኔም ከአንተም ይቆያል» አለኝ። እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

ከሁለቱ ሰዎች እንግዲህ ይህን ያህል ብቻ ነው መናገር የምደፍረው፦ አጭር እስራት ክፉኛ ይጎዳል። ሙያ ለማስተማር አይበቃም፤ ለማበላሸት ግን ይበቃል። አንድ ዓመት የሞላው እስረኛ ገና መጋዝ መያዝ ሳይለምድ ስንት «ወንድም» አፍርቶ ይወጣል። በየአገሩ ገደብ የሚባለው ነገር የተፈለሰፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንዳዩት ዓላማዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ይህን በግልጽ የሚነግርዎት ብዙ ሰው የለም። ለማስፈራት የሚስማማው ረጅም እስር ለማረም አይስማማም። ለልጁ የሚበጀው ለእርስዎ እንደ ስድብ ይሰማል። ዳኛው እነዚህን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ማስታረቅ አለበት። ቅድም ያነሣሁትን አንቀጽ 540 ይውሰዱ። ከ5 እስከ 20 ዓመት። በመሀሉ 15 ዓመት አለ። ማስፈራትን የሚያስቀድም ዳኛ ወደ 20 ይሳባል፤ ማረምን የሚያስቀድም ወደ 5። በአንድ ሕንፃ ሁለት ችሎት፣ ተመሳሳይ ጉዳይ፣ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ፍርድ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው፣ በ2006 ደግሞ ያሻሻለው ይህን ለማጥበብ ነው። ወንጀሉ ደረጃ ይወጣለታል፤ ማክበጃው ወደ ላይ፣ ማቅለያው ወደ ታች ይጎትተዋል። አንዳንድ ዳኞች «ሒሳብ አስመሰለብን» ብለው ያጉረመርማሉ። እኔ ግን ደንበኛዬን «ዕድልህ የትኛው ችሎት እንደደረሰህ ነው» ከማለት ሒሳቡን እመርጣለሁ።

እንግዲህ የእርስዎ ጉዳይ። እንዲህ ባለ መዝገብ ዳኛ የሚያየው የታወቀ ነው። ልጁ ቀደም ሲል ሪከርድ የለበትም። አምኗል፤ ክርክር አላበዛም። ጥፋትን ማመንና መጸጸት በአንቀጽ 82 ማቅለያ ነው። ዕድሜው 19 ነው። ማስጠንቀቂያው ይበቃዋል ተብሎ ከታመነ ሕጉ ቅጣቱን ወስኖ አፈጻጸሙን ማቆም ይፈቅዳል። ገደብ ማለት ይህ ነው።

ገደብ ነፃ መውጣት አይደለም። ጥፋተኛ ተብሏል፤ ተመዝግቧል። አንዱ ዓመት ተጽፎ ተቀምጧል፤ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ፍርድ ቤቱ ባስቀመጠው የገደብ ጊዜ ውስጥ ሌላ ወንጀል ከሠራ ወይም የታዘዘውን ካላከበረ ያ የተንጠለጠለው ይወርድበታል፤ የአዲሱ ቅጣትም ይከተላል። በደጅዎ ሲያልፍ አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ ነው የሚያልፈው። ሰላም የሚልዎት ወይ አፍሮ ነው፣ ወይ ፈርቶ ነው፣ ወይ እናቱ «ሰላም በላቸው» ብላው ነው። ሦስቱም ከመጥፎ አይቆጠሩም።

ስለዚህ ዳኛው ባያስረው እስማማለሁ። ይህን ለእርስዎ መናገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የማልስማማበት ግን አለ። ይህን ሁሉ ለእርስዎ ያስረዳ አንድ ሰው ጠፋ። ልጁን የሚመለከተው በሙሉ ታስቦበታል፦ ዕድሜው፣ ጸጸቱ፣ ነገው። የእርስዎ ሁለት ጆንያ ግን መዝገቡ ውስጥ «ኤግዚቢት የለም» ተብሎ አለፈ። አንቀጽ 1 ቅጣት ለሌላው መማሪያ ይሁን ይላል። እንዲህ ከሆነ ልጅዎ ምን ተማረ? የተማረው «ሰርቀህ ብታምን ትለቀቃለህ» የሚለውን ነው። ፍርዱ ልክ ሆኖ ሳለ ትምህርቱ ተበላሸ፤ ምክንያቱም ለጎረቤቱ አልተነገረም።

ይህን ጉድለት ሌላ አገርም አይተውታል። በ1974 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኦንታርዮ፣ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ወጣቶች ጠጥተው በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ። ጉዳዩን ይከታተል የነበረ ሰው ለዳኛው አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ልጆቹ ከሚታሰሩ ይልቅ በየቤቱ ሄደው የጎዱትን ሰው ፊት ለፊት ያግኙ፣ ኪሳራውንም ይክፈሉ። ዳኛው ተስማማ። በር ማንኳኳት ከእስር ይቀላል የሚል ሰው አንኳኩቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በብዙ አገር ተስፋፍቷል፤ ሲያወሩት አዲስ ግኝት ያስመስሉታል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ «አንተ ልጅ፣ ምን አድርገሃታል? በል ለእሷ ንገራት» ሲል የኖረው ስንት ዘመን ነው? በኦሮሚያም በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ዕውቅና አግኝተዋል።

ሽምግልናን ግን እንደ ማር እየላስኩ ላወራልዎ አልፈልግም። የተደፈረች ልጅን ጉዳይ በአንድ በግና በሁለት ሺህ ብር ዘግተው «ታረቁ» የሚሉ ሽማግሌዎችም አይቻለሁ። ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። ለዚህ ነው መንግሥት ከባድ ወንጀልን ለሽማግሌ የማይለቀው፤ ባይለቅም ደግ። የእርስዎ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። ጎረቤት ነው፣ ንብረት ነው፣ ልጁ አምኗል። ለዕርቅ የሚመች ጉዳይ ካለ ይህ ነው።

አሁን ወደሚደረገው። የወንጀል መዝገቡ ቢዘጋም ቡናዎን የመጠየቅ መብትዎ አልተዘጋም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 የተጎዳ ሰው ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። በወንጀል ክሱ ውስጥ ካልታየ በፍትሐ ብሔር ለብቻ መጠየቅ ይቻላል። ጊዜ እንዳያልፍብዎ፤ መነሻው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፣ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆን ሊረዝም ይችላል። እኔ ብሆን ግን ክስ ከመክፈቴ በፊት ልጁ የሚያከብራቸውን ሁለት ሽማግሌዎችና የልጁን እናት ቤቴ ጠርቼ ቡና አፈላለሁ። ልጁ ገንዘብ የለውም፤ ከሱ ብር መጠበቅ ከድንጋይ ውኃ መጭመቅ ነው። ጉልበት ግን አለው። በሚቀጥለው ለቀማ እርስዎ ጋ ይልቀም፣ አልጋ ላይ ያለውን ያገላብጥ፣ ሌሊቱንም እሱው ይጠብቅ። የቀን ሒሳቡ በወረቀት ይያዝ፣ ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት። ትልቁ ልጅዎ አብሮት ይልቀም። መጀመሪያ ቀን አይነጋገሩም። ቡና ለቀማ ላይ ግን ዝም ብሎ መዋል አይቻልም።

ስለ ገዢው ነጋዴ የሚያውቁት ነገር ካለ ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ይስጡ። ልጁ እንደገና ካጠፋም ራስዎ አይያዙት፤ ቀኑንና ያየ ሰው ካለ ስሙን ጽፈው ያመልክቱ።

ከሁሉ በፊት ግን መዝገብ ቤት ሄደው የፍርዱን ግልባጭ ይጠይቁ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ትዕዛዝ» ከሚለው ሥር በቁጥር የተዘረዘሩትን ያንብቡ። ገደቡ ስንት ዓመት እንደሆነና ልጁ ምን እንደታዘዘ እዚያ ነው ያለው። ካሳ ወይም ኪሳራ የሚል ቃል ካለበት ሥራው ቀሎልዎታል፤ አልከፍልም ካለ ገደቡ ራሱ ይናጋበታል። ከሌለበት ያንን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ የፍትሐ ብሔሩን ማመልከቻ እንዴት እንደሚጀምሩት እነግርዎታለሁ። የእርስዎንና የልጁን ስም ግን በወረቀት ሸፍነው ያንሡት።